የሻምበሉ ሽጉጥና የሎምባሞ ጣት

ባለፈው ማክሰኞ ቀሚሴን ላሳጥር ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄድኩ። አሁን ሆሳዕና ላይ ልብስ ሰፊ ማግኘትም መከራ ሆኗል፤ ሁሉም የተሰፋ ነው የሚገዛው፣ አንዱም በልክ አይሆንም። ሰፊው ልጅ የስፌት መኪናውን ዘይት እያጠጣ ነበር። ያቺን ቀጭን አፍ ያላት ቆርቆሮ ይዞ ጠብ፣ ጠብ ሲያደርግ ሽታው አፍንጫዬ ገባና እዚያው በርጩማው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። "እማማ፣ ደከመዎት እንዴ?" አለኝ። "አልደከመኝም፣ አርጅቼ ነው" አልኩት። ምን ብዬ ላስረዳው? በዚያ ዘይት እኛ መሥሪያ ቤት ልብስ አይሰፋበትም ነበር። አንዷ ቆርቆሮ የእኔን የጽሕፈት መኪናም የፖሊሶቹን ሽጉጥም ታጠጣ ነበር፤ ወር ሳይሞላ ባለቀች ቁጥር ደግሞ የምወቀሰው እኔ ነበርኩ።

ንጉሡ የነበሩበት ዘመን ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ፣ ቁጥር ላይ ድሮም ደካማ ነኝ። ዋጋ ግን ጠይቁኝ። ከሌሞ ገጠር የሚመጣ ጋሪ ሰውን በስሙኒ ያደርስ ነበር፤ ኩንታል ከያዝክ አሥር ሳንቲም ትጨምራለህ፤ ዶሮ ከያዝክ ዶሮዋ በነፃ ነች። ከዱራሜ መጥቼ በአውራጃው ፖሊስ ጽሕፈት ቤት በታይፒስትነት ስቀጠር ሃያ ዓመቴ ነበር። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበርና "የአማኝ ልጅ ከጠመንጃ ቤት ምን ልትሠራ ነው?" ብሎ ሦስት ቀን አኮረፈኝ። "እኔ የምተኩሰው ፊደል ነው" አልኩት፤ አልሳቀም። በመጀመሪያ ደሞዜ ሽንሽን ጉርድ ቀሚስ አሰፋሁ፣ ነጭ ሸራ ጫማ ገዛሁ። ጭቃው ጫማዬን ሁለት ቀን እንኳ ነጭ አላስባለውም። አውቶቡስ ማቆሚያው ማዕዘን ላይ የአንድ የጉራጌ ነጋዴ ሱቅ ነበር፤ በሩ ላይ የተሰቀለው ሬዲዮ ከሰዓት በኋላ ይዘፍናል። እኛ ልጃገረዶቹ ክር ልንገዛ እያልን ዘፈኑ እስኪያልቅ እንቆማለን። ሰውዬው ያውቅብናል። "እህቶቼ፣ ክሩ አላለቀም፤ ዘፈኑ ግን ሊያልቅ ነው፣ ቶሎ በሉ" ይለናል። አሁን እዚያ ማዕዘን ላይ የስልክ መሸጫ ቆሟል፤ ሙዚቃው ጆሮ ይበጥሳል፣ ለመስማት ብሎ የሚቆም ግን የለም።

በመሥሪያ ቤታችን አሥር አለቃ ሎምባሞ የሚባል የሌሞ ልጅ ነበር። ቁመቱ በር ሲገባ ጎንበስ የሚያሰኘው፣ ሲስቅ ድምፅ የሌለው ሰው። አማርኛው ላይ የሀዲይኛ ዜማ አለበት፣ የእኔም ላይ የከምባትኛ አለበትና አንዳችን በሌላችን እንስቅ ነበር። ወድጄው ነበር፤ ይኸው ተናገርኩት፣ በዚህ ዕድሜ ማንን እፈራለሁ? እሱ ኋላ የጃጁራ ልጅ አገባ፤ እኔም አስተማሪ አገባሁ፤ ሁለታችንም ደህና ኖርን። ያን ጊዜ ግን ሎምባሞ ሚስት አልነበረውም፤ የነበሩት እናቱ ብቻ ናቸው። ዓይናቸው ጠፍቷል። ከወለዷቸው ልጆች የቀረላቸው እሱ ብቻ ነበር። ከሥራ ሲወጣ አንድ ሰዓት ተኩል በእግሩ ተጉዞ ወደ እሳቸው ይሄዳል፤ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይፈልጣል፣ የእንሰቱን ጓሮ ይቆፍራል፣ የከተማውን ወሬ ያጫውታቸዋል። ቆጮውን የጎረቤት ሴቶች ይሠሩላቸው ነበር። ጠዋት ደግሞ ከሁሉ ቀድሞ ቢሮ በር ላይ እናገኘዋለን፤ እስከ ጉልበቱ በጤዛ ርሶ።

አንድ ቀን ከበላይ ትእዛዝ መጣ። ሽጉጥ የያዘ ፖሊስ ሁሉ በሃያ እርምጃ ዒላማ ይፈተናል፤ ከአምስት ጥይት አራቱን ያላሳረፈ ሽጉጡን አስረክቦ ወደ ቆላ ጣቢያ ይዛወራል ይላል። ቆላው ከሆሳዕና የብዙ ቀን መንገድ ነው፤ የወባ አገር ነው፤ ዕረፍት በዓመት አንድ ጊዜ። ሎምባሞም ይህን ሰማ። ከሰዓት በኋላ ወደ ጠረጴዛዬ መጥቶ፣ "ማርታ፣ እናቴ ከእኔ በስተቀር ሰው እጅ ይዞ አይመራትም፤ እምቢ ትላለች" አለኝ። ይኼው ነው። ፈተናውን ከወደቀ እናቱ ሰው አልባ ይቀራሉ።

አለቃችን ሻምበል ተክሌ የሚባሉ የቡልጋ ሰው ነበሩ። ቁጡ ናቸው፣ ልባቸው ግን ቅቤ ነው። ሁለት ገጽ ከሆነው ትእዛዝ የመጀመሪያውን ገጽ አንብበው ፖሊሶቹን ሰብስበው በቃል ነገሯቸው፤ ወረቀቱን ለእኔ ጣሉልኝ። ለፋይል ግልባጭ ሳወጣ ሁለተኛውንም ገጽ አነበብኩት። "እያንዳንዱ ተፈታኝ በስሙ በተመዘገበው መሣሪያ ብቻ ይተኩሳል" ይላል። አንብቤ ፋይል ውስጥ ከተትኩት። ያን ጊዜ ምንም አልመሰለኝም፤ ሰው በራሱ ሽጉጥ ካልተኮሰ በማን ሊተኩስ ነው?

በሎምባሞ ስም የተመዘገበችው ጥይቷን በክብ ጎጆ የምትጎርስ አሮጌ ሽጉጥ ነበረች። የእሷ ነገር ምላጯ ነው፤ ምላጭ የሚሏት ጣት የሚስባት ቁራጭ ብረት ናት። በጣም ረጅምና ከባድ ነበረች። ስትስባት ጎጆው ይዞራል፣ መምቻዋ ወደ ኋላ ይሄዳል፣ ገና ትስባለህ፣ ገና ትስባለህ፣ በመጨረሻ ትጮኻለች። የሻምበሉ የራሳቸው ሽጉጥ ደግሞ ሌላ ፍጥረት ናት። ጥይቷን በእጀታዋ የምትይዝ፣ ጠፍጣፋ፣ የምታብለጨልጭ፤ መምቻዋን አስቀድመህ በአውራ ጣት ወደ ኋላ ትጎትታታለህ፤ ከዚያ ምላጯን መንካት ብቻ ነው። ነካ ስታደርጋት ሄደች።

ለልምምድ የሚታደለው ጥይት አምስት ብቻ ነበር። ከቢሮው ጀርባ ባለው የአፈር ግድግዳ ፊት ሳንቃ ቆመ፤ ዒላማውን የምሠራው እኔ ነኝ፤ የሻይ ሰሃን ወረቀት ላይ ገልብጬ ውስጡን በስቴንስል ቀለም አጠቁረዋለሁ። ሎምባሞ ሁለቱን ጥይት ተኮሰና ሁለቱም ከክቡ በታች ገቡ። ምላጯ ስትከብድበት መሐል ላይ ይቆምና ከዚያ በቁጣ ይጎትታታል፤ አፈሙዙም አብሮ ይወርዳል። በመስኮት ሆኜ ሳይ ሕመሙን አወቅሁት። እኔም አሞኝ ነበርና። ዱራሜ ሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርኩበት የጽሕፈት መኪና ቁልፎቹ የድንጋይ ያህል ነበሩ፤ በጣት ሳይሆን በክንድ ነው የሚመቱት። ሆሳዕና ስመጣ አዲስ መኪና ሰጡኝ፤ ቁልፎቹ ለስላሳ። እንደ ለመድኩት ስመታው አንዱ ፊደል ሁለት ሦስት ጊዜ ይታተማል፤ የመጀመሪያው ደብዳቤዬ ላይ የሻምበሉ ማዕረግ ሦስት "ሻ" ነበረው። ሻምበሉ አይተው "እኔ አንድ ሻ ይበቃኛል" ብለው መለሱልኝ። ጣት አእምሮ የለውም፤ የለመደውን ነው የሚያደርገው። የልጅ ልጄ በቅርቡ አዲስ ስልክ ሰጠኝና ስጫነው፣ "እማዬ፣ አትጫኚው፣ ንኪው ብቻ" ይለኛል። እኔ እንግዲህ ሦስተኛ መልመዴ ነው።

ወጥቼ "ጥይቱን አቆየው፣ ባዶዋን ሳባት" አልኩት። ደንግጦ አየኝ። "ታይፒስት ተኩስ ልታስተምረኝ?" "ተኩስ አላውቅም፤ ጣት ግን አውቃለሁ" አልኩት። አምስት ሳንቲም አፈሙዙ ላይ አስቀመጥኩለት፤ ሳንቲሟ ሳትወድቅ ምላጯ እስክትጮህ እንዲስብ። "ከጉድጓድ ገመድ እንደምትጎትት ሳብ፤ መሐል ላይ አትቁም። ውሃው አይቆምልህም።" የመጀመሪያው ቀን ሳንቲሟን ከሣር ውስጥ ስንፈልግ ዋልን። በሳምንቱ ከአሥር ስምንቱን አትወድቅም። በሦስተኛው ሳምንት ሳንቲሟ ላይ ሌላ ሳንቲም ደረበ። የቀሩትን ሦስት ጥይቶች ሲተኩስ ሦስቱም የሻይ ሰሃኑ ውስጥ ገቡ። ያን ቀን ሲስቅ ድምፅ ነበረው።

የፈተናው ቀን ሻምበሉ እንደ በዓል አደረጉት። ዳስ ተጣለ፤ የአውራጃው መሥሪያ ቤት ሹማምንትና የአገር ሽማግሌዎች ተጠሩ፤ ወንበር ከየቤቱ ተለመነ። እኔ ውጤት ልመዘግብ ጠረጴዛ ተሰጠኝ፣ ፋይሉን ከነትእዛዙ ይዤ ተቀመጥኩ። አራት ፖሊሶች ተኮሱ፤ ሦስቱ አለፉ። ሎምባሞ ሲጠራ ሻምበሉ ከወንበራቸው ተነሡ። "ይህን ልጅ ተመልከቱልኝ። ከዚህ ቢሮ ከሱ የተሻለ ሠራተኛ የለኝም። ዛሬ በዚያች አሮጌ አይተኩስም፤ በእኔ ይተኩሳል" አሉና ከወገባቸው ፈትተው ሰጡት። ሽማግሌዎቹ አጨበጨቡ።

ምን ይበል? በእኛ አገር ታላቅ ሰው የሰጠህን ነገር በሁለት እጅ ጎንበስ ብለህ ትቀበላለህ፤ በሰጪው ፊት አታገላብጠውም፣ "ይህስ አይሆነኝም" አትልም። ቅቤ የሰጠህ ሰው ፊት ቅቤውን አታሸትም። "አልፈልግም" ቢል ስድብ ነው፤ "አንዴ ባዶዋን ልሞክራት" ቢልም ያው ነው። ሎምባሞ በሁለት እጁ ተቀበለ። ዞር ብሎ አየኝ። ወረቀቱ በፊቴ ነበር። ሁለተኛው ገጽ ላይ ያለውን የማውቀው በዚያ ሜዳ ላይ እኔ ብቻ ነበርኩ። አንድ ቃል ብቻ ነበር የሚያስፈልገው፤ "ጌታዬ፣ ትእዛዙ አይፈቅድም" ብል በቃ። ግን በዚያ ሁሉ ሹም ፊት የሃያ ዓመት ታይፒስት ተነሥታ ሻምበሏን ታርማለች? ያውም በፍቅር የሰጡትን? እርሳሴን አነሣሁና ስሙን ጻፍኩ።

የመጀመሪያዋ ጥይት እጁ ገና ሳይረጋ ወጣች፤ ጣቱ ረጅሙን መንገድ ሊጀምር ነካ ሲያደርጋት ሄደች፤ ከሳንቃው በፊት አፈር አቦነነች። ሎምባሞ ራሱ ደነገጠ። ሁለተኛዋን ፈርቶ ያዛት፤ በሳንቃው አናት ላይ አለፈች። ከዚያ ትንፋሹን ሳበ፤ ሦስተኛዋ፣ አራተኛዋ፣ አምስተኛዋ ሦስቱም የክቡ መሐል ገቡ። ጣቱ በሁለት ጥይት ለመደ፤ ሁለቱ ግን ሄደዋል። ሻምበሉ ትከሻውን መታ አድርገው "አይዞህ፣ ዕድል ነው" አሉት። የሆነው ነገር አልገባቸውም ነበር። እኔ በእርሳስ "ሦስት" ብዬ ጻፍኩ።

ከሰዓት በኋላ ቢሮ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። "ሽጉጧ ጥሩ ነች" አለኝ። "እኔ ነኝ ያላወቅኋት። አሁን ለእናቴ ምን ብዬ ልንገራት?" እኔን አልወቀሰኝም፤ ስለ ሁለተኛው ገጽ አያውቅማ። ብነግረው ይሻለኝ ነበር፤ አልነገርኩትም።

ከፈተናው በኋላ በአራተኛው ቀን ሻምበሉ የሚዛወሩትን ስም ዝርዝር እንድጽፍ ሰጡኝ። ሎምባሞ ሁለተኛው ነው። የስሙን የመጀመሪያ ፊደል መትቼ እጄ እምቢ አለኝ። ወረቀቱን ከመኪናው ጎትቼ አወጣሁ፣ ትእዛዙን ይዤ ሻምበሉ ቢሮ ገባሁ። ሁለተኛውን ገጽ ፊታቸው አስቀመጥኩ። አነበቡት። ደግመው አነበቡት።

"ይህን ያን ቀን ታውቂ ነበር?"

"አዎን ጌታዬ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"በእንግዳ ፊት እርስዎን ላሳፍር?" አልኩና አለቀስኩ። ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። "እኔም እኮ ላከብረው ብዬ ነው" አሉ፣ ለእኔም ለራሳቸውም። ከዚያም "ቁጭ በይና ጻፊ" አሉኝ። ፈተናው ከትእዛዙ ውጭ ስለተፈጸመ ለአሥር አለቃ ሎምባሞ እንዲደገምለት የሚጠይቅ ደብዳቤ ነበር። "ስህተቱ የእኔ ነው" የሚለው ላይ ስንደርስ እኔ ብልጥ መስዬ፣ "ጌታዬ፣ 'በስህተት ተፈጽሟል' ብለን ብንተወውስ? የማን እንደሆነ ባይጠቀስስ?" አልኳቸው። "የለም፤ የሻምበል ተክሌ ነው በይ፣ ማዕረጌንም አትርሺ፤ በአንድ ሻ" አሉ። እየሳቅሁ እያለቀስኩ ጻፍኩት።

መልስ እስኪመጣ አምስት ሳምንት ወሰደ። በዚያ መሐል ሻምበሉ ከቁጭታቸው የተነሣ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሎምባሞን በየቀኑ ወደ ሜዳ እየወሰዱ በዚያችው በራሳቸው ሽጉጥ አለማመዱት፤ ዓይኑ ከለመደ በየትኛዋም ይመታል ብለው፣ ከኪሳቸው ጥይት ገዝተው። እሱም እምቢ አይል። መልሱ ሲመጣ "በተመዘገበለት መሣሪያ፣ በሦስት ቀን ውስጥ፣ ከላይ በሚላከው መርማሪ ፊት" ይላል። አሮጌዋን ሽጉጥ ሲያነሣ ጣቱ ጨዋ ሆኖ ነበር፤ ነካ ያደርግና ይጠብቃል። እሷ ደግሞ በመነካካት የምትነቃ አይደለችም። በዚህ ጊዜ ዝም አላልኩም። ሻምበሉ ራሳቸው በቆሙበት፣ "ጌታዬ፣ ሽጉጥዎን ወደ ቤት ይውሰዱልን፤ ለሦስት ቀን ዓይኑም አይያት" አልኳቸው። ሎምባሞ አንገቱን ደፋ። ሻምበሉ አንዴ አዩኝና ታጥቀው ሄዱ። ሦስቱን ቀን ባዶዋን ሲስብ ዋለ፤ መቶ ጊዜ ጠዋት፣ መቶ ጊዜ ከሰዓት፤ ጣቱ ቆስሎ በጨርቅ አሰርኩለት።

በድጋሚው ፈተና ዳስም ጭብጨባም አልነበረም። መርማሪው፣ ሻምበሉ፣ እኔና እሱ ብቻ። አንደኛዋ ገባች። ሁለተኛዋ ገባች። ሦስተኛዋ ላይ መሐል ላይ ቆመ፣ ሳተ። ሻምበሉ ፊታቸውን ወደ ባሕር ዛፎቹ አዞሩ። አራተኛዋ ገባች። አምስተኛዋን ሲስብ ጎጆው ሲዞር አየሁት፤ ሳያቆም ሳባት። መርማሪው ወደ ሳንቃው ሄዶ በጣቱ ቆጠረና "አራት" አለኝ። ጻፍኩ።

ያው ስህተቱን የእኔ ነው ያለ ሰው ዋጋውን ይከፍላልና በሳምንቱ ሌላ ወረቀት መጣ። ሻምበል ተክሌ ወደዚያው ቆላ ተዛወሩ፤ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ሪፖርት እንዲያደርጉ። ሲያነቡት "ደህና፣ ሙቀት ለጉልበት ጥሩ ነው" አሉ።

የሚሄዱበት ጠዋት አውቶቡስ ማቆሚያው ሄድን። ሳጥናቸው ወደ ቆላው መንገድ በሚወስደው በሶዶው አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ታስሯል። ሎምባሞ የእናቱን እጅ ይዞ መጣ፤ ከሌሞ ድረስ በእግር። አተካና ሠርተው አምጥተዋል፤ ቡላ በቅቤና በአይብ፣ ለክቡር እንግዳ የሚቀርበውን፣ በእንሰት ቅጠል የተሸፈነ። እናቱ አማርኛ አይችሉም፣ ሻምበሉ ደግሞ ሀዲይኛ። ሎምባሞ በራሱ ነገር ሊተረጉም አፍሮ ወደ ኋላ አለ። ሀዲይኛ ሆሳዕና መጥቼ ለምጄ ነበርና እኔ ቀረብኩ።

"ልጅዎን ሊያሳጣዎት የነበረው ሰው እኔ ነኝ በያቸው" አሉ ሻምበሉ። ተረጎምኩ። ተርጉሜም ዝም ማለት አቃተኝና፣ "ወረቀቱን እያየሁ ዝም ያልኩት ደግሞ እኔ ነኝ" ብዬ ጨመርኩ። ሎምባሞ ቀና ብሎ አየኝ። ያን ጊዜ ነው ያወቀው። እናቱ እጃቸውን ወደ ድምፄ ዘረጉና ክንዴን ያዙ። "ኋላ ተናገርሽ አይደል" አሉኝ። ከዚያ ወደ ሻምበሉ ዞሩ።

"የዚህ ሰው እናት በሕይወት አሉ ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ።"

ጠየቅኋቸው። ሻምበሉ ያልጠበቁት ጥያቄ ነበር። "አሉ" አሉ። "ቡልጋ ናቸው። ካየኋቸው ስድስት ዓመት ሆነኝ፤ ሥራ አልለቅ ብሎኝ።"

ስተረጉምላቸው አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። "አሥራ አምስት ቀን ሰጥተውታል ብሎኛል ልጄ። ቆላው የትም አይሄድም። መጀመሪያ ወደ እናቱ ይሂድ በይው" አሉ።

አልኳቸው። ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። ሻምበሉ ወደ ጣሪያው ቀና ብለው ረዳቱን ጠሩና ሳጥናቸውን አስወረዱ፤ አተካናውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው የቡልጋ መንገድ ወደሚጀምርበት ወደ አዲስ አበባው አውቶቡስ ሄዱ።